የቀኝ እጁ ሜሮን

አስቻለው አልተኛም፤ እንዴትስ ይተኛ፣ ስልኩ እኩለ ሌሊት ነው ይለዋል፣ ፀሐይ ግን መስኮቱ ላይ ቁጭ ብላ ታየዋለች፣ ማንን እንደሚያምን ግራ ገብቶት በጀርባው ተንጋሎ ጣራ ጣራውን ያያል። በዚህ በኖርዌይ ሰሜን ጫፍ፣ ከባሕርና ከዓሣ በቀር ሌላ ወሬ በሌለበት ከተማ፣ ሰኔ ሲገባ ፀሐይ መጥለቁን ትተወዋለች፤ ወደ ባሕሩ ትወርድ ትወርድና አሁንስ ገባች ስትባል ውሃውን ሳትነካ በጎን ተንሸራታ ተመልሳ ትወጣለች። አራተኛ ዓመቱ ነው፣ አልለመዳትም። ብርድ ልብስ መስኮቱ ላይ ሰቅሎ ነበር፣ ዛሬ አወረደው፤ ለመተኛት መታገሉ ራሱ አደከመው። ነገ፣ ነገ ሲልስ የቱ ነገ፣ ያልመሸ ቀን ነገ አለው እንዴ፣ ብቻ ነገ ጧት እዚያ ታች ጋይንት፣ ከአርብ ገበያ ወረድ ብላ ባለችው እስጢፋኖስ፣ የእህቱ የየኔነሽ ልጅ አርባ ቀኑ ነው። ክርስትና ይነሣል። ወይም አይነሣም። ይህን የሚቆርጠው ደግሞ እሱ፣ የፋብሪካ ዓሣ ገፊው አስቻለው ነው፤ እንዲህ ያለችው ራሷ ናት፤ «የጠየቅኩህን መልስ ከነገርከኝ አወጣዋለሁ፣ ካልነገርከኝ ልጄ ከቤት አይወጣም» ብላ ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋችበት። ሳይጠመቅ አንድ ነገር ቢሆንስ? ይህን ሲያስብ ላብ ያጠምቀዋል፣ ተነሥቶ ይቀመጣል፣ መልሶ ይጋደማል።

ልጁ ቀኝ እጅ የለውም። ክንዱ ይመጣል ይመጣልና አንጓው ላይ ሲደርስ ያልቃል። ጫፉ ላይ የሽምብራ ፍሬ የሚያካክሉ ትንንሽ ነገሮች አሉ፣ ጣት ለመሆን አስበው የተዉት ይመስላሉ፣ አለችው። ይህን የነገረችው አንድ ወር ሙሉ ደብቃ ነው። ሲደውል «ልጁስ?» ይላል፤ «ደኅና ነው፣ ይጠባል» ትላለች። «በቪዲዮ አሳይኝ እንጂ» ይላል፤ «ኔትወርኩ አይችልም አያ» ትላለች። በጋይንት ኔትወርክ የብዙ ሰው ኃጢአት ይሸከማል። አንድ ቀን ግን፣ ምን እንደነካት እንጃ፣ ገና ሰላምታ ሳይጨርሱ «አያ፣ አንተ መጽሐፉን ተምረሃል አይደል?» አለችው። «ነበር እንጂ» አለ። «እግዜር ፍጹም ነው ይላሉ አይደል?» «ነው እንጂ።» «እንግዲያ የልጄን እጅ ማን አስቀረው?» አለችና ያን ጊዜ ሁሉንም አፈሰሰችው። እሱ ዕቃ የሚያጣጥብበት ገበቴ ውስጥ እጁን እንደነከረ ቀረ፣ ውሃው ቀዘቀዘ፣ አላወጣውም።

ነገሩ የእጅ ብቻ ቢሆን ኖሮ። እጅ የሌለው ሰው በጋይንት አርሶም ነግዶም ይኖራል፣ ጎረቤት ለሰሞኑ ያወራል ከዚያ ይረሳዋል። ነገሩ ስለት ነው። አስቻለው በዚያችው እስጢፋኖስ ዲያቆን ነበረ፤ ጽዋ የያዘ፣ ደወል የደወለ፣ ሰው «ይኼ ልጅ የት ይደርስ ይሆን» ያለለት። የት እንደደረሰ ይኸው፤ አንድ ቀን መጽሐፉን አጥፎ በመተማ ወጣ፣ ከዚያ ሱዳን፣ ከዚያ ሊቢያ፣ ከዚያ ባሕር። ባሕሩ ላይ ድምፁ የጠፋ ጊዜ የኔነሽ፣ ያኔ ከጣሰው ጋር በትዳር ብዙ ዓመት ቆይታ ልጅ ያላገኘችው የኔነሽ፣ እስጢፋኖስ ደጅ ተንበርክካ ተሳለች፤ ወንድሜን ከባሕር አውጣልኝ፣ ለኔም ወንድ ልጅ ስጠኝ፣ ልጁን በወንድሜ ፈንታ ዲያቆን አድርጌ አቆምልሃለሁ ብላ። ወንድሟ ከባሕር ወጣ። ዓመታት አለፉና ልጁም መጣ። ተሰጣት፣ ሁለቱም ተሰጣት፤ ግን የተሰጣት ልጅ ለሰጪው የሚመለስ አይደለም። ዲያቆን ጽዋ ይይዛል፤ እጅ የሌለው መቅደስ ገብቶ አይቀድስም፣ ሥርዓቱ ነው። የደብሩ ቄስ በደግነት «ስለቱን በወይፈን ለውጪው» አሏት። «ልጄን በወይፈን?» አለች፣ ከዚያ ወዲህ ቤተ ክርስቲያን አካባቢ አልታየችም። «አሁን ንገረኝ አያ፤ እግዜር ሳያውቅ ከሆነ እጁ የቀረ ፍጹም አይደለም፤ አውቆ ከሆነ ስለቴን አልፈለገውም። ያልፈለገውን ልጅ ተሸክሜ ደጁ ምን ልሠራ እሄዳለሁ? ደግሞስ ቄሱ ሜሮን ሲቀቡት፣ ቀኝ እጁን ሲሉ ምን ሊቀቡ ነው? ዘለው ሊያልፉት ነው? ሰው ሁሉ እያየ?» ሁለት እጅ ያለው ዲያቆን ምን ይመልሳል?

ሁለት እጁ የሚሠራው ደግሞ ጎዶሎ መለየት ነው፤ አምላክ ሲያሾፍ እንዲህ ነው እንዳይል ይፈራል፣ ግን እንዲህ ነው። ፋብሪካው ውስጥ ያለማቋረጥ በሚሄድ ላስቲክ ላይ ሳልሞን የሚባለው ዓሣ ይመጣል፣ ብር የመሰለ፣ ክንድ ክንድ የሚያህል፤ ካሜራ ያለው ማሽን ፊት ያልፋል፣ ከማሽኑ ያመለጠውን እሱ ያያል። ሦስት ስም አላቸው፤ አንደኛ፣ ተራ፣ የሚታረም። ጀርባው የጎበጠ፣ መንጋጋው የተጣመመ፣ ክንፉ የጎደለ «የሚታረም» ነው፤ በቀኝ እጁ ገፋ ያደርገዋል፣ በሌላ መንገድ ይሄድና ተቆራርጦ በርካሽ ይሸጣል። ሥራ በጀመረ ሰሞን ግን አንዱንም አልገፋም። ጎባጣ መጣ፣ አሳለፈው፤ ጠማማ መጣ፣ አሳለፈው። የእግዜርን ፍጥረት ይኼ ጎደለ ብሎ መግፋት ከልጅነቱ አልተማረማ! በሱ አገር ሁለት ራስ ያለው ጥጃ ቢወለድ እንኳ ሰው አፉን ይዞ «ሥራህ ግሩም ነው» ይላል እንጂ ማን ደፍሮ ይነቅፋል። አለቃዋ መጣች፣ ፊቷ ቲማቲም መስሎ፣ አንዱን ጎባጣ በጅራቱ አንጠልጥላ «ይኼ ዓሣ ምን ሆኗል?» አለችው። «ምንም አልሆነም፤ እንዲህ ሆኖ ነው የተፈጠረ» አላት። እሷ አልሳቀችም። «ገዢው እንዲህ አይፈልገውም» አለችው። ከዚያን ቀን ወዲህ ይገፋል፤ ለምዶታል፣ ዓይኑ ሳያስብ ያያል፣ እጁ ሳያስብ ይገፋል። የሚታረመውን ለሠራተኛ ያድላሉ፣ አራት ዓመት ሙሉ የበላው ጎባጣውን ነው፣ ጣዕሙ ያው ነው። አሁን የሐዋርያት ጾም ስለሆነ ማቀዝቀዣው ውስጥ ጎባጦች ተደርድረው ፍስክ ይጠብቃሉ። ገዢው እንዲህ አይፈልገውም። የየኔነሽ ጥያቄ እኮ ይኸው ነው፣ ተገላብጦ የሚመጣበት ይኸው ነው። እግዜርም ገዢ ነው ወይ?

አንድ መልስ ነበረው፣ ጥሩ መልስ መስሎት ነበር፤ የየኔታ ወልደ ገብርኤልን ነገር ነገራት። የኔታ ስማዳ ውስጥ ቅኔ ያስተማሩት መምህሩ ናቸው፣ ዓይናቸውን በልጅነታቸው ፈንጣጣ የወሰደባቸው። ማታ ማታ ለተማሪው ቅኔ ሲዘርፉ የመጨረሻው ቤት፣ መዝጊያው ስንኝ ላይ ሲደርሱ ዝም ይላሉ። ይዘርፋሉ፣ ይዘርፋሉ፣ ዝም። ተማሪው ይጠብቃል፣ እሳቸው ጋቢያቸውን ሰብስበው «ደኅና እደሩ» ይላሉ። ተማሪው ደነገጠ፣ አረጁ፣ ረሱ፣ ወይኔ የኔታ ተባለ፤ ለአእምሮ ፍቱን የተባለ ጠበል ፍለጋ አስቻለው ራሱ ገደል ወርዶ በቅል ቀድቶ መጣ። የኔታ ጠበሉን ጸጥ ብለው ጠጡ፣ አፋቸውን ጠረጉ፣ «እኔ የጠጣሁት ይበቃኛል፣ የቀረውን እናንተ ጠጡት» አሉ። «ሙሉ ቅኔ የሚሰጥ መምህር ባለ ቅኔ አያወጣም። ባዶውን ቤት የተውኩት ትሞሉት ብዬ ነው፣ እናንተ ጠበል ትቀዱልኛላችሁ!» ይህን በስልክ ነገራት፤ እግዜርም እንዲህ ነው፣ የሚሞላ ነገር ትቶልን ነው፣ ብሎ በራሱ አነጋገር ሳይቀር ተደስቶ ጨረሰ። የኔነሽ ግን «ልጄን የቅኔ ማስተማሪያ አታድርግብኝ» አለችው። «እናንተ ልትማሩበት ነው እጁ የቀረው? እጁ የሱ ነው። ለእናንተ ትምህርት ሲባል የሱ እጅ ይቅር?» እሱም አፈረ። አሁንም ተጋድሞ ያፍራል፤ ፀሐይ አይታ እንዳትስቅበት ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል።

ተነሣ። ጃኬቱን ደርቦ ወደ ወደቡ ወረደ። መንገዱ ላይ ሰው የለም፣ ድመት እንኳ የለም፣ ሁሉም መጋረጃውን ዘግቶ ተኝቷል፣ ብርሃኑ ግን ለማንም ሳይሳሳ ሁሉ ቦታ ፈስሷል፤ ጀልባው ወርቅ፣ ገመዱ ወርቅ፣ የዓሣ ቅርፊት የተጣበቀበት ያ የሚሸተው የፕላስቲክ ሣጥን እንኳ ወርቅ። ባሕሩ ረግቷል። ያ ባሕር አይደለም ይህ፣ ያንን ባሕር አሁን ማሰብ አይፈልግም። ፀሐይዋ ከውሃው በላይ አንድ ጋት ያህል ቀርቷታል፣ ትወርዳለች አልወረደችም፣ ቆመች፣ ልብ ብሎ ሲያያት ወደ ጎን ትሄዳለች። ለምን እንደማትጠልቅ ኡላቭ ነግሮታል፤ አብሮት የሚሠራ ሽማግሌ ነው፣ ምሳ ሰዓት ላይ ድንች በሹካ ወግቶ በመብራት ዙሪያ እያዞረ አሳየው። ድንቹን ቀጥ አላደረገውም። ዘመም አደረገው። «ለምን ታዘምመዋለህ?» አለው አስቻለው። «ምድር ዘምማ ነው ያለችው» አለ ኡላቭ ድንቹን እየበላ፣ እንደ ቀላል ነገር። ዘምማለች! አሁን እዚህ ቆሞ ነው የገባው፣ ድንቹ ሆዱ ውስጥ የገባው ኡላቭ ቀድሞት ሳይገባው አልቀረም። ምድር ራሷ ቀጥ ብላ አልተፈጠረችም፤ በሱ ላስቲክ ላይ ብታልፍ በቀኝ እጁ ገፋ ያደርጋት ነበር፣ የምትታረም ብሎ። በመዝመሟ ነው ይህ ብርሃን እዚህ የሚፈሰው፤ በመዝመሟ ነው እዚያ ክረምት የሚገባው፣ ደመናው ከጉና ላይ የሚወርደው፣ ጣሰው የገመሰው መሬት የሚረሰርሰው፣ ገብሱ የሚበቅለው። ቀጥ ብላ ቢሆን ኖሮ ክረምትም የለም፣ በጋም የለም፣ ጋይንትም የለችም። ፈራ። እውነተኛ ፍርሃት ነው የፈራው፣ በልጅነቱ የመቅደሱ መጋረጃ ሲገለጥ ይይዘው የነበረው ያ ፍርሃት፣ ደስታ ያለበት። ዕፁብ፣ አለ በአፉ ሙሉ፣ ዕፁብ ነህ፣ ምን ዓይነት ነህ አንተ? ጫማውን አወለቀ። ለምን እንዳወለቀ አያውቅም፣ ኮንክሪቱ ይበርዳል፣ ግን አወለቀ። ቆይቶ ደግሞ የእህቱ ድምፅ መጣበት፤ ልጄ ምድር አይደለም አያ። እውነቷን ነው። ምድር ብትዘምም ክረምት ወጣላት፤ ከልጁ እጅ መቅረት ምን እንደወጣ ማን አየ? አስቻለው ጫማውን በእጁ እንደያዘ ቆመ፣ ፀሐይዋ መውጣት ጀመረች፣ ወይም ያው ሳትገባ ከፍ አለች።

ብዙ ቆይቶ ስልኩ ጮኸ። እሷ ናት፣ ቀድማው። በጋይንት ገና ጎሕ አልቀደደም፤ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድበው በስልኩ ይሰማል።

«አያ፣ ነቅተሃል?»

«እዚህ አገር ማን ይተኛል?»

«የኔታ ማታ መጥተው እኛ ቤት አደሩ። ጣሰው ሄዶ ነግሯቸው ኖሮ በበቅሎ ይዟቸው መጣ። የክርስትና አባቱ እኔ ነኝ አሉ።»

«የኔታ? በዚህ ዝናብ?»

«አዎን። ልጁን አምጪው አሉና አቀፉት፣ ክንዱን እስከ ጫፉ ዳበሱት፣ ምንም አላሉ። ስለቴስ አልኳቸው። ‹ስለትሽ ምን ሆነ? መቅደሱ ቢቀርበት ቅኔ ማኅሌቱን ማን ከለከለው? እኔን ዓይን የለህም ብሎ ማን መለሰኝ?› ብለው ተቆጡኝ። ያንን ጥያቄ ግን፣ ላንተ ያልኩህን፣ ስጠይቃቸው ዝም አሉ። ‹የመጨረሻውን ቤት ወንድምሽ ይሙላው፣ ሳይጨርስ ነው የሄደብኝ› አሉ።»

አስቻለው ሳቀ፣ ሳቁ መሐል ላይ ወደ ሌላ ነገር ተለወጠና አፉን በእጁ ያዘ። ይሙላው። ከዚህ ሁሉ ዓመት በኋላ፣ ከዚያ ሁሉ ባሕር በኋላ፣ ሽማግሌው ባዶውን ቤት ትተው ጠበቁት። ምድር ዘምማለች ይበላት? ዓሣው ጣዕሙ ያው ነው ይበላት?

«አላውቅም፣ የኔነሽ» አለ።

ስልኩን ወደ ጆሮው አስጠጋ።

«ፍጹም እንደሆነ አሁን ቆሜ ባሕሩ ላይ እያየሁት ነው፣ ጫማዬን አውልቄያለሁ። የልጁ እጅ ለምን እንደቀረ ግን አላውቅም። ሁለቱን አንድ ላይ ማስታረቅ አቃተኝ። አንዱንም ደግሞ አልጥልም። ያለኝ ይኸው ነው።»

ትዘጋዋለች ብሎ ጠበቀ። አልዘጋችውም። ስታለቅስ ሰማት፣ ልጅ ሆና እንደምታለቅሰው፣ በአፍንጫዋ።

«ሁሉም መለሰልኝ እኮ አያ» አለች ቆይታ። «አንዷ ኃጢአትሽ ነው አለች፣ አንዱ ለክብሩ ነው አለ፣ አንዷ ግርዶሽ አይተሽ ነው አለች። አላውቅም ያለኝ ሰው የለም።»

«አሳይኝ» አላት።

ኔትወርኩ ቻለ። በእጅ ባትሪ ብርሃን መጀመሪያ ጭለማ፣ ቀጥሎ የጣሰው ትከሻ፣ ቀጥሎ ቀይ ፊት ያለው የተኮሳተረ ሕፃን መጣ፤ የኔነሽ መጠቅለያውን ፈታችና ክንዱን አወጣችው። አስቻለው አየው። በቅጽበት አይቶ መፍረድ የለመደው ዓይኑ አልቸኮለም፤ ክንዱን አየ፣ አንጓውን አየ፣ ሽምብራ ሽምብራ የሚያካክሉትን አየ፣ ሕፃኑ ሲያዛጋ አንድ ላይ ይነቃነቃሉ። ደግሞ ሌላውን ሁሉ አየ፣ ይህን ሙሉ ሰው፣ አገጩን፣ ቅንድቡን፣ እስትንፋሱን ማን አሰበው፣ ከምን አመጣው?

«ጆሮው የአባባ ነው» አለ።

«ውይ አያ! እንዲህ የሚያህል?»

«የእሱን ጆሮ የሚያህል በጋይንት አልነበረም። ቁርጥ እሱን ነው።»

ሳቀች። ከዚያ አፍንጫዋን ጠረገች መሰለው፣ ድምፅዋም ተለወጠ። «ደወሉ ተደወለ፣ እንሂድ። ስልኩን ነጠላዬ ሥር እይዘዋለሁ፣ አትዝጋው። አፍህን ግን ዝጋ» አለችው።

አስቻለው በባዶ እግሩ፣ ጫማውን አጠገቡ አስቀምጦ፣ የገመድ ክምር ላይ ተቀምጦ ሰማ። የጭቃ ርምጃ ሰማ። የበር ጩኸት ሰማ። ቄሱ ሲጀምሩ ቃሉን ያውቀዋል፣ ከንፈሩ አብሮ ይሄዳል፣ ዓመታት አልፈው እንኳ ይሄዳል፤ ውሃው ሲፈስ፣ ሕፃኑ ሲጮህ፣ የኔታ በዚያ ጎርናና ድምፃቸው ስለ ልጁ ሲመልሱ። ከዚያ ሜሮኑ። ግንባሩን፣ ይላሉ ቄሱ። ዓይኖቹን። ጆሮዎቹን። አፉን። ደረቱን። ድምፃቸው እንደ ለመደ ሰው ይሮጣል። ከደረት ወደ ክንድ ይወርዳሉ፣ አስቻለው ያውቃል።

ዝም አሉ።

ቆርቆሮው ላይ ዝናቡ ይወርዳል። አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ፣ ጣሰው ይሆናል። የኔታ እንኳ ዝም ናቸው፣ የሚያውቁትን ዝምታ ዝም ብለዋል። አስቻለው አፉን ከፈተ፣ ቃሉ ምላሱ ላይ ነው፣ ዲያቆን እኮ ነበር፣ ከዚህ ሆኖ ቢጮህ ይሰማሉ፤ አፍህን ዝጋ መባሉ ትዝ አለውና ጥርሱን ነከሰ።

ጨርቅ ሲፈታ ሰማ።

«ቀኝ እጁ ይኸውልዎ፣ አባ» አለች የኔነሽ፣ እንዳይሰማባት ሳትጠነቀቅ፣ በቤቷ እንደምትናገረው ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። «እዚህ ነው የሚያልቀው። እዚህ ላይ ይቀቡት።»

ቄሱ ትንፋሽ ወሰዱ። «ቀኝ እጁን» አሉ።

ፀሐይዋ ከባሕሩ ላይ ብዙ ከፍ ብላለች፣ የፋብሪካው ፊሽካ ሊነፋ ነው፣ ላስቲኩ ሊጀምር ነው። ነጠላው ሥር ትንፋሽ ተሰማ፣ ወደ ስልኩ ቀረበ።

«ሰማህ?» አለችው በሹክሹክታ።

«ሰማሁ።»

«ቀቡት» አለችው።